ሽርጥ የለበሰው ዐቃቤ ሕግ

ሰው ተይዞ ነው ፖሊስ ጣቢያ የሚገባው፤ እኔ ግን በገዛ እግሬ፣ ሱፍ ለብሼና ከረባት አስሬ ሄድኩ። ሱፉን ከማዕከላዊ ገበያ ከሰልባጅ ነጋዴ ነበር የገዛሁት። በጅቡቲ የሐምሌ ሙቀት ሱፍ የሚለብስን ሰው ለዚያ ብቻ ቢያስሩት እንኳ አይፈረድባቸውም።

አገር ቤት የፖለቲካው ነገር ረገብ ብሏል ተብሎ ነበር። በዚያው ሰሞን ለፌዴራል የወንጀል ጉዳዮች ዐቃቤ ሕግነት የሥራ ማስታወቂያ ወጣ። ሕግ ተምሬ፣ በፖለቲካ ሰበብ ተሰድጄ፣ ወደቡ አጠገብ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የዕቃ ማስለቀቂያ ወረቀት ስሞላ ጸጉሬ ሸብቷል። ሥራውን ካገኘሁ አገሬ እገባለሁ፤ ካላገኘሁ ካርቲየ ሁለት የሚባለው ሰፈር ባለችው አንድ ክፍሌ ውስጥ ከቬንትሌተሬ ጋር እያወራሁ አረጃለሁ። ማመልከቻው ታዲያ ከምኖርበት አገር ፖሊስ ከወንጀል ነጻ ነው የሚል ወረቀት ይጠይቃል። ስሜ ከአገር ቤት በተላከ የተፈላጊዎች ዝርዝር ውስጥ ሊኖር እንደሚችል የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪ እንኳ አያጣውም። እኔ ግን የማስበው ከረባቴ መጣመም አለመጣመሙን ነበር።

መስኮቱ ጋ ያለው ፖሊስ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። «አዴር፣ ቁጭ በል» አለኝ በሶማልኛ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። ቁጭ አልኩ። ወዲያው ጫት የሚገባበት ሰዓት ደረሰና እንደ ልማዱ ከተማው ሁሉ ሥራ አቆመ። እስኪመለሱ እንዳልጠፋባቸው ብለው ቆለፉብኝ።

የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳውን ሲነኩት ያቃጥላል። ከላይ ባለች ጠባብ ፍርግርግ በኩል የባሕሩ ሽታና የቁራዎች ጩኸት ይገባል። ጥግ ላይ አንድ ጎልማሳ ሽርጥ አገልድሞ ተጋድሟል። በአዲስ አበባ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ተፈላጊ ሰዎችን በመኪናህ ደብቀህ ድንበር አሻግረሃል ተብሎ ነው የተያዘው።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ጋሼ፣ ሚዜ ነበሩ እንዴ?» አለኝ።

ለምን እንደመጣሁ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከፌስታሉ ሁለተኛ ሽርጥ አውጥቶ ወረወረልኝ። የዐቃቤ ሕግ ዕጩ ሽርጥ አያገለድምም ብዬ ተኮፈስኩ። ኩራቴ የቆየው ላቡ ጫማዬ ውስጥ እስኪደርስ ነው።

ፖሊሶቹ ተመልሰውም አልለቀቁኝም፤ ለካ ዝርዝሩ ውስጥ አለሁበት። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ጋሽ ዐቃቤ» ሆነ። በየቀኑ ጠባቂዎቹ ጫታቸውን ይዘው ሲቀመጡ፣ ቅጠሉ ከእኛው አገር ያለ ፓስፖርት ገብቶ እኛ መታሰራችን ሹፌሩን ይገርመው ነበር። እነሱ ሲቅሙ እኔን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይፈትነኛል። ለምን ዐቃቤ ሕግ መሆን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ ስለ ሕግ የበላይነት የተለማመድኩትን አወረድኩለት።

«ይሄን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ።

«አንድ ቀን እንኳ ጠያቂው እኔ ብሆን ብዬ ነው» አልኩት። በዚህኛው አልሳቀም።

የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ጠሩኝ። ከአገር ቤት የመጣ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው ውኃ አስቀረበልኝ። ለማመልከት ማሰቤን ያውቃል። እኔን የመሰለ ሰው እንደሚያስፈልግ፣ የድሮው ክሴም እንደሚሰረዝ በትሕትና አስረዳኝ። የሚፈለግብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሹፌሩ ማንን እንዳሻገረ ነግሮኛል ማለት። ሹፌሩ የነገረኝ ስለ ጎማና ስለ አማቱ ነበር። አማቲቱ ላይ ቢሆን አንድ ሦስት ክስ አላጣም ነበር።

ሥራውን አልፈልግም ነበር ብል እዋሻለሁ። ውኃውን ቀስ ብዬ ጠጣሁት።

«ከእኔ ቃል ሌላ ማስረጃ አላችሁ?» አልኩ።

«ለጊዜው የለንም።»

ተነሣሁ። ሽርጡ ሊወልቅ ሲል ያዝኩት፤ አጥብቄ አሰርኩት። «እንግዲያው በማስረጃ እጦት መዝገቡን ዘግቼዋለሁ።»

ሰውዬው ሽርጡን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። «በዚህ ዕድሜዎ ቀልድ አይሰለችዎትም?»

«ሌላ የቀረኝ የለማ።»

ስመለስ ሹፌሩ ፈተናውን አልፌ እንደሆነ ጠየቀኝ። ወደቅሁ አልኩት፤ ሌላ አልነገርኩትም። በማግስቱ ጠዋት ዕቃህን ያዝ ብለው ጠሩት፤ ሊፈቱት ነው። ሽርጡን እንዳልፈታለት ሱፌ የት እንደገባ ጠፋኝ። «ይቆይ ጋሼ፣ ስንገናኝ ይመልሱልኛል» ብሎኝ ወጣ።

እኔን ሙቀቱ እስኪበርድ አቆዩኝ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው አልነበረም። በራሴ ላይ አንድ ሁለቴ ልቀልድ ሞከርኩ፤ ግድግዳው አልሳቀም። ለካ ቀልዱም ሰሚ ይፈልጋል።

ዛሬም ካርቲየ ሁለት እዚያችው ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ስለቀቅ የተገኘውን ሱፍ መልሼ ለሰልባጅ ነጋዴው ሸጥኩት። ዓርብ ዓርብ ሽርጡን አጥቤ፣ በፌስታል ይዤ፣ የአዲስ አበባ መስመር ከባድ መኪኖች ወደሚያድሩበት እወጣለሁ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ «አንተ» እና «ጋሼ» በቅቶን ነበር። ስለ አማቱ የሚያወራ ሹፌር አታውቁም ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ።

«ጋሼ፣ የማያወራስ አለ?» ይሉኛል ሹፌሮቹ።

ይዤው እመለሳለሁ። ማታ ቬንትሌተሩ አላቀዘቅዝ ሲለኝ ደግሞ ያንኑ የሰው ሽርጥ አገልድሜ እተኛለሁ።