ጽሑፍ የሌለው ፊልም

ሀጀራ ከጅዳ ከመመለሷ በፊት መካነ ሰላም ውስጥ የህንድ ፊልም የሚተረጉመው ሰው እኔ ነበርኩ። ህንድኛ ግን አልችልም። ማይኩን ይዤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ፣ ሰውየው ሲቆጣ «ተቆጥቷል»፣ ልጅቷ ስታለቅስ «እያለቀሰች ነው» እል ነበር። ሰዉ ይሄንንማ እኛም እያየነው ነው እያለ ያሾፍብኛል። አንድ የገበያ ቀን ከወግዲ የመጡ ነጋዴዎች ማይኩን አስቀምጥልን፣ በዝምታ እንይበት አሉኝ። እኔ ደግሞ ሲነኩኝ የማልወድ ሰው ነኝ፤ አኩርፌ ሦስት ቀን ቪዲዮ ቤቱን ዘጋሁት።

ቪዲዮ ቤቴ ከባለቤቴ ከየትምወርቅ ሻይ ቤት ጀርባ ነው። ሀጀራ የተቀጠረችው ሻይ ቤቱ ውስጥ ዕቃ ልታጥብ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሥራ በጀመረች ሳምንቷ፣ ብርጭቆ እያደረቀች በበሩ ስንጥቅ ፊልም ስታይ አገኘኋት። ልቆጣ አፌን ስከፍት ለራሷ እያነበነበች መሆኑን ሰማሁ። ልጅቷ ያለችውን፣ እናትየው የመለሰችውን፣ አንድም ሳታስቀር በአማርኛ ትናገራለች።

ህንድኛ ከየት ተማርሽ ብዬ ጠየቅኋት። ህንድኛ እንደማትችልና ከሥር የሚያልፈውን የአረብኛ ጽሑፍ እንደምታነብ ነገረችኝ። ፊደሉን በልጅነቷ ቁርኣን ቤት ተምራዋለች። ትርጉሙን ያወቀችው ደግሞ ጅዳ አምስት ዓመት በሠራችበት ቤት ነው። እመቤቲቱ ቀኑን ሙሉ የህንድ ፊልም ትከፍታለች፤ ሀጀራ ወለል እየወለወለች ታነባለች። እኔ ያን ጽሑፍ እስከዚያች ቀን ድረስ የሲዲ ነጋዴው ማስታወቂያ ነበር የመሰለኝ።

ወንድ በሞላበት ቤት ማይክ ይዛ እንድትቆም ማድረግ አይታሰብም። መላውን ያመጣችው የትምወርቅ ናት። አሮጌ የአልጋ ልብስ ቀድዳ መጋረጃ ሰፋች፤ ከመጋረጃው ጀርባ በሣጥን ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን አስቀመጥን፤ ከአንዱ ዴክ ሁለት ገመድ አወጣሁ። ሀጀራ እዚያ ተቀምጣ ታነባለች፣ ሰዉ ድምጿን ብቻ ይሰማል። ከየት አመጣሃት ሲሉኝ ደሴ የተቀዳ ድምፅ ነው እላለሁ። ማንም አላመነኝም፤ የተቀዳ ነው ያልኩት ድምፅ ሰዉ ሲንጫጫ «እባካችሁ፣ እየተደማመጥን» እያለ ይቆጣ ነበርና።

ከሁሉ በላይ እንዳይሰሙ የምንፈራው አባቷን ነው። ጋሽ ሙሐሲን የገበያው ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት በዚያ መደዳ ተቀምጠው ሰፍተዋል፣ በከሰል ካውያ ተኩሰዋል፤ የጨርቁ ብናኝ የማይለቅ ደረቅ ሳል ትቶባቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ሀጀራ በስደት ሳለች ሚስታቸው ሞተዋል፣ ሁለት ታናናሾች ትምህርት ቤት ናቸው፣ ልጅቱ በላከችው ገንዘብ የተጀመረው ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣራ አልለበሰም። ስለዚህ ሀጀራ ተመልሳ መሄድ አለባት ብለው ቆርጠዋል። ደላላው አበጋዝ ፓስፖርቷን ወስዶ ለኩዌት ቪዛ አመልክቶላታል። ቪዛው ሲወጣ የሚደወለው በጋሽ ሙሐሲን ስልክ ነው።

ሀጀራም የራሷን ማመልከቻ አስገብታ ነበር። አዲስ አበባ የውጭ ፊልም በአማርኛ ድምፅ የሚሠራ ድርጅት ድምፅ ፈላጊ መሆኑን በሬዲዮ ሰማን። ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት በእኔ ስልክ ድምጿን ቀዳን። ሦስት ጊዜ ዶሮ ገባብን፣ በአራተኛው ተሳካ። ሚሞሪ ካርዱን ከማመልከቻው ጋር በፖስታ አሽገን፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ እንዲልክልን በአቀስታ በኩል ደሴ ለሚሄድ ሾፌር ሰጠን። ማመልከቻው ላይ የተጻፈው የእኔ ስልክ ነው።

እንግዲህ ሁለት ማመልከቻ፣ ሁለት ስልክ። የአባቷ ቀድሞ ከጮኸ ትሄዳለች፤ የእኔ ቀድሞ ከጮኸ አባቷ ፊት የምታቀርበው ነገር ይኖራታል። ባዶ እጇን እምቢ ልትላቸው አትችልም፤ ሞክራም አታውቅም። የእኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብርጭቆው እጇ ላይ ይቆማል። ዱቄት ነጋዴው ነው፣ አማቼ ናቸው፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው። በዚያ ሰሞን የደወለልኝ ሁሉ ያለጥፋቱ ቁጣዬን ቀምሷል።

አንድ ቀን፣ አብሽሪ፣ ማመልከቻሽ ባይሳካም ኩዌት እንደ ጅዳ ላይሆን ይችላል አልኳት። ከዕቃው ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሽ አለምነው፣ ወላሂ ተመልሼ ከሄድኩ በእግሬ አልመጣም» አለችኝ።

ጅዳ ስለሆነው ከዚያ በላይ ተናግራ አታውቅም። ግራ ክንዷ ላይ ሰፊ ጠባሳ አለ፤ የትምወርቅ ስትጠይቃት ዘይት ነው ብላታለች። ያን ካለችኝ በኋላ እንቅልፌ ተበላሸ። የእሷ መሄድ ለእኔም የቤቴ መዘጋት ነው፤ ለእሷ አዝኜ ይሁን ለራሴ መለየት አቅቶኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ በአንድ የገበያ ቀን መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፋ። ከደሴ አዲስ ሲዲ መጥቶልኛል፣ ፎቶው በር ላይ ተለጥፏል። ወትሮ ሁለታችን ቀድመን ሳናይ አናሳይም፤ ያን ቀን ግን መብራቱ የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ሆነ። ሰዉ ወደየአገሩ ሳይበተን ልድረስበት ብዬ በሩን ከፈትኩት። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጢም አለ። የመጨረሻዎቹን ሳስገባ ጋሽ ሙሐሲን ከፊቴ ቆመው አየኋቸው።

ቪዲዮ ቤት ገብተው የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ሰላምታ ሰጡኝ። አልፈው የኋላው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው ነግሯቸዋል ማለት ነው። አበጋዝን ጠረጠርኩ፤ ዛሬም የምጠረጥረው እሱን ነው። ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄድኩ።

ሀጀራ ትንሿን ቴሌቪዥን ትክ ብላ እያየች ነበር። ፊልሙ ጀምሯል፣ ሰዎቹ ያወራሉ፣ ከሥር ግን ምንም የለም።

«ጽሑፍ የለውም» አለችኝ በሹክሹክታ።

እንቀይረው አልኳት፤ የቀሩትን ሁሉ አይተው ጨርሰዋቸዋል አለች። ከመጋረጃው ወዲያ ሰዉ እግሩን ይደበድብ ጀመር። አባትሽ እዚህ ናቸው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከነገርኳት በጓሮ በር ትወጣለች፤ ከወጣች ይሄ ሁሉ ሰው ቤቱን በላዬ ያፈርሰዋል። ዝም አልኩ። ለእንጀራዬ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ዛሬ ብጽፈው አያስመርቀኝም።

«ተወው፣ ይሂድ» ብላ ማይኩን አነሣች።

መጀመሪያ ላይ እንደ እኔ እየገመተች ሄደች። ሠርግ አለ፣ ሽማግሌው ተቆጥተዋል፣ ዘመድ እየመጣ ነው። ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ሻንጣ ይዛ ትልቅ ግቢ ስትገባ ታየች። እኔ እንደሚመስለኝ ልጅቱ ለሠርጉ የመጣች ዘመድ ናት። ሀጀራ ግን የቤት ሠራተኛ አደረገቻት። ከዚያ ወዲያ ድምጿ ሌላ ሆነ፣ መገመቱን ተወችው።

ልጅቱን በዚያ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፣ «አንቺ» ነው የሚሏት አለች። የምትተኛው ኩሽና ውስጥ ነው። ሰዎቹ ሲወጡ በር ይቆልፉባታል። ስክሪኑ ላይ ልጅቱ አበባ መሐል ሆና ስልክ እያወራች ትስቃለች፤ ሀጀራ ደግሞ «አባዬ፣ ደህና ነኝ። ሥራው ቀላል ነው። ሰዎቹም ጥሩ ናቸው» ትላለች። ቤቱ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔ ከመጋረጃው ዳር ቆሜያለሁ። ልቁረጠው ወይስ ልተወው እያልኩ ስብከነከን፣ ስክሪኑ ላይ የልጅቱ የብርጭቆ አምባር ተሰብሮ እጇ ደማ፤ በሻሽ ጠቀለለችው። ሀጀራ ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም ከኋላ አግዳሚ ያ ደረቅ ሳል ተሰማ። እሷ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ይሄንን አባቴ ሲጠይቀኝ ዘይት ነው እለዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ካውያ ነው ብዬ ብነግረው ካውያ በያዘ ቁጥር ትዝ ይለዋል። ያቃጠሉኝ ሸሚዝ ስተኩስ መስመሩ ተሳስቶብኝ ነው፣ እሱ የሚያውቀው ስህተት ነው።»

ከተመልካቹ መሐል አንዲት እናት ጮክ ብላ አለቀሰች። ሀጀራ አላቆመችም። ልጅቱ አገሯ እንደገባች፣ ለሌላ ሥራ ማመልከቻ እንዳስገባች፣ መልሱ ሳይመጣ መልሰው እንዳይልኳት እንደምትፈራ ተናገረች። ከፊት የተቀመጠ የወግዲ ቆዳ ነጋዴ፣ ህንድም ማመልከቻ አለ እንዴ ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀው። የት የሌለበት አለ አለው ያኛው። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ጋሽ ሙሐሲን የሉም። በሩ ገርበብ ብሎ ብርሃን ያስገባል።

ፊልሙ አልቆ ሰዉ ዓይኑን እየጠረገ፣ እንዲህ ያለ አምጥተህ አታውቅም እያለኝ ወጣ። ወደ እሷ ስሄድ ማይኩን አጥፍታ ጭኗ ላይ ይዛዋለች።

«ወጣ?» አለችኝ።

«ማን?»

«አባዬ። ሳሉን አውቀዋለሁ።»

ማይኩን ከእጇ ተቀበልኳት። የትምወርቅ መጥታ እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ሸኘቻት።

ቀጥለው የመጡት ሁለት ቀናት እንደዚያ ሲረዝሙ አይቼ አላውቅም። ሀጀራ እየመጣች ዕቃዋን ታጥባለች። አባትሽ ምን አሉ ስንላት፣ ምንም አላሉም ትላለች። በልተዋል፣ ሰግደዋል፣ ተኝተዋል፣ ስለ ፊልሙም ስለ ኩዌትም አላነሡም። ቁጣ ቢኖር ትችለው ነበር፤ ዝምታው ግን ምን ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም። ነገሩን ልይ ብዬ በልብስ ሰፊዎቹ መደዳ አለፍኩ። ጋሽ ሙሐሲን መኪናቸው ላይ አቀርቅረው ይሰፋሉ። ካውያው ከሥራቸው ነው፣ ከሰል የለበትም። ደንበኞች ያልተተኮሰ ልብስ እየተቀበሉ እያጉረመረሙ ይሄዳሉ።

በሦስተኛው ቀን አበጋዝ ፊቱ አብርቶ ሻይ ቤት ገባ። ቪዛው ወጥቷል፣ ለአባትየው ደውሎ ነግሯቸዋል፣ በረራው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። ሀጀራ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች፣ እጇን አደረቀች፣ ሄዳ ከመጋረጃው ጀርባ ባዶው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠች። የትምወርቅ አበጋዝን ሻዩን ሳያስጨርስ በስድብ አስወጣችው። እኔ ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ፣ ማመልከቻው እየታየ ነው፣ ይጠብቁ አለችኝ። እስከ መቼ ስላት መልሳ ይጠብቁ አለችኝ። ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝም፤ ግን የሀጀራ ማመልከቻ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

በማግሥቱ የቀትሩ ዙህር ተሰግዶ እንዳበቃ፣ ፊልም ሳይጀመር፣ ጋሽ ሙሐሲን መጡ። ቤቱ ባዶ ነው። ሀጀራ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፣ መግባታቸውንም ሰምታለች። ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ቀን ሳያልቅ ነበር የወጣሁ» አሉኝ። «ልጂቱ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«አገሯ ገብታለች፣ ጋሽ ሙሐሲን። እንዳይመልሷት ነው የምትፈራው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አርባ ዓመት ካውያ ይዣለሁ» አሉ። «ጠባሳውን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። የመጣች ቀን እጅጌዋን ስትሰበስብ ጫፉን አይቼዋለሁ። ዘይት ነው ስትለኝ እሺ አልኩ። እሺ ማለቱ ቀለለኝ፣ አሏህ ይቅር ይበለኝ።»

መጋረጃው አልተነቃነቀም። ከኮታቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። ፓስፖርቷ ነበር፤ ጠዋት ሄደው ከአበጋዝ ተቀብለውታል።

«ለዚያች ለባለ ድምጿ ስጥልኝ» አሉ። «እኔ ማን እንደሆነች አላውቅም።»

እሺ አልኳቸው።

«ማመልከቻዋስ? መልስ መጣላት?»

«ገና ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ እንጠብቃለን» አሉ።

ፓስፖርቱን በመጋረጃው ዳር አሳለፍኩት። የሀጀራ ግራ እጅ ወጥቶ ተቀበለኝ፤ እጅጌዋ ተሰብስቦ ስለነበር ጠባሳው እስከ ክርኗ ድረስ ታየ። ጋሽ ሙሐሲን ዓይናቸውን ከጠባሳው ላይ አላነሡም፤ እጇ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ አዩት። ከዚያ በኋላ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው፣ በል ክፈተው፣ ዛሬ እስከ መጨረሻው ነው የማይ አሉኝ።

የዚያን ቀን ፊልም የአረብኛ ጽሑፍ ነበረው። እንደዚያም ሆኖ ሀጀራ ድምጿን አግኝታ እስክትጀምር ድረስ እኔና አባቷ ብዙ ጠበቅን።