ሬዲዮው ደህና ነበር

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሬዲዮው አማርኛ መናገር አቆመ።

እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። እሁድ እሁድ የዱሮ ድራማዎችን መልሶ የሚያሰማ ዝግጅት አለ። ቁርሴን በልቼ፣ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ እሰማለሁ። የዚያን ዕለት ድራማው ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄደ ቃሉ ሁሉ ድንገት የማላውቀው ሆነ። ጩኸት የለበትም፣ መቆራረጥ የለበትም። ሰዎቹ ይናገራሉ፤ እኔ አንድም ቃል አልያዝኩም። አሶሳ ለኖረ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። ከድንበር ማዶ የሚመጣ የውጭ ጣቢያ የኛን ገፍቶ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ስለዚህ ማዞሪያውን ነካካሁ። አንቴናውን ወዲያና ወዲህ አልኩት። ለውጥ የለም።

አንድ ነገር ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። የተዋናዩን ድምፅ አውቀው ነበር። ከጉርምስናዬ ጀምሮ የሰማሁት፣ ሲቆጣ ከደረቱ ሥር የሚነሣ ድምፅ ነው። ድምፁ የሱ ነው፣ ቋንቋው ግን የማላውቀው ነው። ጣቢያው ሸሽቶ ቢሆን ሰውየውም አብሮ በሸሸ ነበር። ይህን ለማሰብ ጭንቅላት ያስፈልጋል፤ የታመመው ደግሞ እሱ ነበር።

ይህን የምጽፈው ስትሮክ ለመታው ሰውና ለአስታማሚው ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስሜ ይመር ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ ስመጣ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ሬዲዮ ነው። የተበላሸውን እየፈታሁ ጥገና ተማርኩ፤ ደህናውን እየሰማሁ ደግሞ ቋንቋና ታሪክ ተማርኩ። በዚህ ሙያ ልጆች አሳድጌያለሁ። በቤቴም አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ሬዲዮ ሲከፈት ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ወጥ ቢያር እንኳ በምልክት ነው የሚነገረው። በዚህ ሕግ እኮራ ነበር። ልጆቻቸው አልታዘዝ ያሏቸውን ጎረቤቶችም መክሬበታለሁ።

ያን ዕለት ሕጉ ሊገድለኝ ነበር።

ባትሪውን ሳላወጣ የሬዲዮውን ጀርባ ፈታሁ። ካቻቢቴው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሣሁት። ደግሞ ወደቀ። በግራ እጄ ያዝኩት። ባለቤቴ ከድጃ በበሩ በኩል አለፈች። አየችኝ። ሬዲዮው እየተናገረ ስለነበር ምንም ሳትል አለፈች።

ልጄ ሰዓዳ ሸርቆሌ ውስጥ መምህርት ናት፤ ለሰንበት በሚኒባስ መጥታ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ገብታ ፊቴን አየች። በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ አፍህ ወደ ጎን ሄዷል» አለችኝ። ያን ዕለት የተባለውን ሁሉ የምጽፈው በኋላ እንደነገሩኝ ነው፤ በሰዓቱ አንድም ቃል አልገባኝም። እኔ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ውጪ» ያልኳት መሰለኝ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም አለችኝ በኋላ፤ ቁጣው ብቻ ነበር የሚታወቀው። ቁጣዬን ታውቀዋለች። ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። እንድትጠብቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ተነሥታ ሐሩንን ልትጠራ ሮጠች። ሐሩን የበርታ ሰው ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጎረቤቴና ወዳጄ። ገባ። ፊቴን አየ። የተፈታውን ሬዲዮ አየ። እጁን ዘርግቶ ዘጋው። በዚያ ቤት እየተናገረ ያለ ሬዲዮ የዘጋ ሰው ከሱ በፊት አልነበረም።

«ያ ይመር፣ ሬዲዮ ደህና ነው» አለ። «የተበላሸ አንተ ነው።»

ከድጃ ማር በውሃ በጥብጣ ልታጠጣኝ ሞከረች። ትን አለኝ። መተንፈስ አቃተኝ። ከደጅ አንድ ሰው መጋኛ ነው፣ ወደ አዋቂ ውሰዱት አለ። ሐሩን ደግፎ አነሣኝ። በባጃጅ ጫነኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሰዓዳን፣ «መቼ ጀመረው? ሰዓቱን ንገሪኝ» አላት። አላወቀችም። ግፊቴን ለካ። ከሁለት መቶ በላይ ነበር። ግፊት እንዳለብኝ ከሁለት ዓመት በፊት ተነግሮኛል። አምሎዲፒን ታዝዞልኝ ሦስት ወር ውጬ፣ ምንም ስላልተሰማኝ ተውኩት። ጤነኛ ሰው ኪኒን አይውጥም እያልኩ ሌላውንም አስትቻለሁ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሌላው ምክሬ ዋጋ አይኖረውም።

ሲቲ ስካን ለመነሣት በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ ተላክን። ውጤቱ የደም ሥር መዘጋት ሆነ። መድማት የለም። አስፕሪንና የደም ቅባት የሚቀንስ አቶርቫስታቲን ጀመሩልኝ፣ ግፊቱንም ቀስ አድርገው አወረዱት። የቀኝ እጄ ዝሏል። እዚያ ያከመችኝ ሐኪም ቤተሰቤን ሰብስባ ያስረዳችውን ሰዓዳ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች፦ «አእምሮው አልጠፋም። የተጎዳው ቋንቋ የሚይዘው ክፍል ነው። ይህ አፌዥያ ይባላል። አጭር አጭር አናግሩት፣ ጊዜ ስጡት፣ ቃሉን አትጨርሱለት። እንደ ሕፃንም አታናግሩት።» ቀድመን መጥተን ቢሆን ይሻል ነበር ወይ ብላ ሰዓዳ ጠየቀች። ሐኪሟ አልዋሸችም። «ይሻል ነበር» አለች።

በአምስተኛው ቀን ቃላት መመለስ ጀመሩ፤ መስማቱ ማለቴ ነው። ጭጋግ ሲገፈፍ መጀመሪያ የቅርቡ ዛፍ እንደሚታየው፣ «ውሃ»፣ «ተነሥ»፣ «አመመህ» የሚሉት መጡ። ቀጥሎ ከመጋረጃው ጀርባ ሰዓዳ ለእናቷ የምትናገረው መጣ። «እኔ ነኝ ያዘገየሁት» ትላለች። «አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ልጠራት ፈለግሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ልላት። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል «አንቴና» ነበር።

ለሁለት ወር ያህል የነበረኝ ቃል ይኸው ነው። ውሃ ስፈልግ አንቴና። ሽንት ሲይዘኝ አንቴና። ሰዓዳ ፊቴ ቆማ ዐይኗ ሲሞላ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ለማለት ስታገል፣ አንቴና። አንድ ቀን በንዴት ብርጭቆ ወርውሬ ሰብሬያለሁ። ያለ ምክንያትም አለቅስ ነበር፤ ልጆቼ ሳለቅስ አይተውኝ አያውቁም። ሐኪሟ ይህም የሕመሙ አካል ነው አለች። ሐሩን ግን አላዘነልኝም። በየቀኑ ከዐሥር በኋላ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል።

«ዛሬ ውሃ አንቴና ነው፣ ከድጃም አንቴና ነው» ይላል። «ነገ እኔን ጣራ ላይ ይሰቅላል።»

ሳቅሁ። ከሕመሙ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር።

አሶሳ ውስጥ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ አላገኘንም። እጄን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይዞልኛል፤ ለምላሴ ግን በቃሉ የሚያውቀውን አስብሉት ተብለን ነበር። ቁጥር ስቆጥር እስከ ዐሥር ያለ እንከን እሄዳለሁ፤ ሦስትን ለብቻው በል ስባል ይጠፋኛል። ፋቲሐን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እቀራለሁ። ስሜን ግን መናገር አልችልም። ይህን የሰማ ሐሩን ሲያስብ ቆይቶ፣ ወደ አሮጌው ሥራችን እንመለስ አለ።

አሮጌው ሥራችን ይህ ነው። የቪዲዮ ቤት በነበረበት ዘመን የቀርከሃ ግድግዳ ያለው አዳራሽ ነበረን። የዱሮ የሕንድ ፊልሞች በሱዳን በኩል፣ ከሥራቸው የዐረብኛ ጽሑፍ እየተነበበባቸው ይመጡ ነበር። ዐረብኛ የሚያነብ ተመልካች ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐሩንና እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን እንቆማለን፤ እሱ ጽሑፉን በዐረብኛ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ጆሮዬ በገበያ የለመደውን ዐረብኛ ይዤ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የአባትን ድምፅ አወፍራለሁ፣ የሽፍታውን አሻክራለሁ። ይህን የተማርኩት ከሬዲዮ ድራማ ነው። በሬዲዮ አንድ በር ሲጢጥ ሲል በሩን የሚሠራው ሰሚው ነው፤ ሰውየው ሳይተነፍስ ለአፍታ ዝም ሲል ደግሞ የሚፈራው ሰሚው ነው። የዛሬ ልጆች ይህን አያውቁም ብዬ ብዙ ጊዜ አማርሬያለሁ፤ አሁንም በከፊል እውነት ይመስለኛል። በነዚያ ፊልሞች ካሜራው ፊት ላይ ይቆያል፤ ሴትዮዋ ከማልቀሷ በፊት ልታለቅስ መሆኑን ታያለህ። ከመንጌ ወርቅ አጥበው የመጡ ሰዎች አንድ ቃል ሳይገባቸው አብረው እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ሰዓዳ ከነዚያ ፊልሞች ጥቂቱን በስልኳ ፈልጋ አገኘች። ስልክ ትውልድ ያበላሻል እያልኩ ስንት ጊዜ የተቆጣሁበት ስልክ ነው። ትራስ ላይ አስደግፈን ማየት ጀመርን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምናገረው አልነበረም፤ ፊት አነብ ነበር። ቋንቋ ሳያውቁ ታሪክ መከተል ግን የለመድኩት ነገር ስለሆነ ከሰው ጋር ስቀመጥ የሚሰማኝ እፍረት እዚያ አልነበረም። ቀስ በቀስ ሐሩን አንድ መስመር ያነብና ስልኩን ያቆማል፣ አንድ ቃል እስኪወጣኝ ይጠብቃል። «ና»፣ «እናቴ»፣ «አልሄድም»። አንዳንዱን ቀን ሦስት ቃል፣ አንዳንዱን ቀን ምንም። አላፋጠነኝም፤ ከድጃ ቃሉን ልትጨርስልኝ ስትል በእጁ ይከለክላታል።

አሁን ስለ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። በቪዲዮ ቤቱ ዘመን ፊልሞቹን እንዳሉ አልተረጎምኩም። ልጅ ለአባቷ መልስ ስትሰጥ ሕዝቡ ይበላሻል ብዬ እለውጠው ነበር። ሐሩን ያውቃል። በጆሮዬ፣ «ልጁ እንደዚህ አላለም» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ማለት የነበረባትን ነው ያልኩት እለዋለሁ።

በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከነዚያ ፊልሞች አንዱን ከፈትን። አባት በሩን ይዞ ቆሟል፤ ልጅቱ ግቢው መሃል ሆና ትናገረዋለች። ያን ቦታ በደንብ አስታውሰዋለሁ። በዱሮው ትርጉሜ «ይቅር በለኝ አባዬ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ትል ነበር። ሐሩን አነበበ።

«ኢስመዕኒ፣ ያ አቢ።»

ስልኩን አቆመ። ሰዓዳ ጥግ ላይ ልብስ ታጥፍ ነበር። የዱሮውን ዓረፍተ ነገር ፈለግሁት፤ ረዥም ነበር፣ አልመጣም። ውሸት ብዙ ቃል ይፈልጋል። እኔ ያለኝ ጥቂት ነበር።

«ስማኝ» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ «አባዬ» መጣ።

ሐሩን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ዛሬ ትክክል ተረጎመ» አለ።

አልሳቅሁም። ሰዓዳ ልብሱን እንደያዘች ቆማ ነበር። ቃሉ ሳይሸሽ ልይዘው ፈለግሁ። ወደሷ ዞርኩ።

«ስሚኝ» አልኳት። «ጥፋት… ያንቺ አይደለም። ሕጉ የኔ ነው። ጥፋቱም የኔ።»

ይህን ለመጨረስ ምን ያህል እንደወሰደብኝ አላውቅም። ማንም አልጨረሰልኝም። ሰዓዳ ልብሱን አልጋው ላይ አኖረችና እግሬ ሥር ተቀመጠች። ለረዥም ጊዜ ምንም አላለችም፤ ይህኛው ዝምታ ግን ያስተማርኳት አልነበረም።

ዛሬ ከሕመሙ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እናገራለሁ፣ ሲደክመኝ ቃል ይጠፋኛል፣ ስም ሳምታታ ልጆቼ ያርሙኛል፣ እኔም መታረምን እየተማርኩ ነው። ብየዳ በቀኝ እጄ አይሆንልኝም፤ በግራ እሞክራለሁ፣ ሥራዬ ዘገምተኛ ሆኗል። ኪኒኔን በየቀኑ ከሱብሒ በኋላ እውጣለሁ። አላህ ይመስገን። ያከሙኝን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከድጃን፣ ሰዓዳንና አንድ ቀን እንኳ ሳያዝንልኝ የረዳኝን ሐሩንን አመሰግናለሁ።

ለምታነቡት የምለው ይህን ነው። የሰው አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ሰዓቱን ያዙና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሐኪም ሳያየው ውሃም፣ ማርም፣ ምግብም አትስጡት። እሱ ራሱ ደህና ነኝ ብሎ ቢቆጣ አትመኑት፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። የግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ስላልተሰማው አይተወው፤ ግፊት ሳይሰማ ነው የሚሠራው። አስታማሚዎች፣ የሚወደው ነገር ምን እንደነበር አስቡና በዚያ በኩል ጥሩት። አባቶች ሆይ፣ በቤታችሁ መከበር መልካም ነው። ልጃችሁ ክፉ ነገር አይታ እናንተን ፈርታ ዝም ካለች ግን ያ መከበር አይደለም።

እሁድ እሁድ አሁንም የዱሮውን ድራማ እሰማለሁ። ባለፈው እሁድ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊነገር ሲል ሰዓዳ ከጓዳ ስትወጣ መናገር ጀመረች። የሸርቆሌ ሚኒባስ ተበላሽቶ ዘግይታ እንደምትሄድ፣ ተማሪዎቿ ለፈተና እንዳልተዘጋጁ፣ ስለ አንዲት ጎበዝ ልጅም ጭምር። በዱሮ ልማዴ እጄ ሊነሣ ሲል አየሁት። ወደ ሬዲዮው ወስጄ ድምፁን ቀነስኩት።

ገዳዩን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሰዓዳ ግን የጀመረችውን ጨረሰች።