ለዳክዬዎቹ የተነጠፈው ጨርቅ

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ለዳክዬዎቿ የምትሳሳውን ያህል ለእኛ ብትሳሳ ኖሮ ይሄኔ ወፍረን በሩ አይበቃንም ነበር። ዳክዬ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየች አትምርም፣ ትውጠዋለች። ስለዚህ እናቴ ከስፌት ክፍሏ ስፒል አምልጦ ግቢ እንዳይገባ ትፈራለች፤ ማግኔት ከሽርጧ ኪስ አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት በእሱ መሬቱን ሳታስስ ዳክዬዎቹን አትለቅም።

አንድ ቀን ፉርሽካውን በውሃ ለውሳ ስትጠራቸው ነጯ ዳክዬ አልወጣችም። እናቴ ጎንበስ ብላ ቤታቸውን አየች። ጭዱ ተጠርጎ ወጥቶ፣ በምትኩ ከስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተነጥፏል።

"ማነው ይሄን ያደረገው?"

"እኔ ነኝ፤ ጭዱ በስብሶ ነበር" አለ አባቴ።

"ስፒል የሞላበትን ጨርቅ? ልትፈጃቸው ነው? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ!"

ማግኔቱን ከኪሷ አውጥታ በጨርቁ ላይ ደጋግማ አመላለሰችው። እኔ ከአጠገቧ ቆሜ አያለሁ። ማግኔቱ ባዶውን ወጣ። ነጯን ቀስ አድርጋ ስታነሳት ከሥሯ ትኩስ እንቁላል አገኘች።

የአባቴን ጣቶች ያየናቸው ያኔ ነው። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ስፒሉን ሁሉ በዳሰሳ ነው የለቀመው። የጣቶቹ ጫፍ ተበሳስቶ ደም ቋጥሯል።

"ምናለ ማግኔቱን ስጪኝ ብትለኝ?" አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ።

"እንዴት ብዬ?" አለ አባቴ። "ተኳርፈን የለ እንዴ!"