ጀርባው ያልተፈተገው የቻይና ሳንቲም

ጠዋት፣ ኦክላንድ

ቅዳሜ ከኦክላንድ ወደ ሳንሆዜ የወጣሁት የጋሽ ታደሰን ሳንቲም ለማስመርመር፣ ዋጋ ካገኘም ለማሻሻጥ ነው። ሥራዬ አሮጌ ዕቃ መነገድ ነው፤ አዲስ አበባ ብሆን ቁራሌው እባል ነበር፣ እዚህ ቪንቴጅ ዲለር ይሉኛል። ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው። ከአላሜዳ የአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀሙ፣ መሃሉ በአራት ማዕዘን የተበሳ የጥንት ቻይና የነሐስ ሳንቲም ሳጥን ሙሉ አከማችተዋል። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ ከሁሉ የሚተማመኑበት ይሄ አንዱ ፎርጅድ ከሆነ፣ ሳጥኑ ዛሬውኑ ከጋራዥ ይወጣል።

ከጋሽ ታደሰ ጋር በ880 አውራ ጎዳና ወረድን። መንገዳችን ላይ ያለችው ኒውአርክ ከተማ ጋ ትራፊኩ ቀጥ ሲል ሳንቲሙን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። እንደ አዲስ የበር እጀታ ያብረቀርቃል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ምን አደረጉት?»

«ክሊን አደረግኩት። በሎሚና በባርቤኪው አመድ። ሰው ፊት እንዲህ ጠቁሮ ይቀርባል?»

ክው አልኩ። በዚህ ንግድ አረንጓዴው ዝገት የሳንቲሙ መታወቂያ ነው። የተፈተገ ሳንቲም ትናንት ቀልጦ ይቀዳ፣ ከሺህ ዓመት በፊት ይቀዳ ማን ያውቃል?

«ጀርባውንስ?»

«ጀርባው ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ናት። ክንዴም ዛለ።»

ገለበጥኩት። ዝገቱም ፊደሏም እንዳሉ ናቸው። የሰው ድካም እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። ትራፊኩ ሲለቅ እግሬ ነዳጁ ላይ ከበደ።

ሳንሆዜ

የሳንቲም ሾው አዳራሹ እንደ መርካቶ ይተራመሳል። ሚስ ሊን የሚሏት አሮጊት ነጋዴ ሳንቲሙን ተቀብላ ፊቱን አየችና፣

«ይሄን ማነው የገደለው?» አለች።

ጋሽ ታደሰ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ሚስ ሊን ገልብጣ አጉሊ መነጽሯን ደቀነችበት። ጋሽ ታደሰ ክንዴን ጨምድደው ይዘዋል።

«ሉዎያንግ» አለች በመጨረሻ። «ፊደሏ የተቀዳበት ከተማ ስም ናት። ከሺህ ዓመት በፊት፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ አንድ ንጉሥ የቡድሃ ገዳማትን ዘግቶ ደወላቸውንና ምስላቸውን አቅልጦ ሳንቲም አስቀዳ። ከተሞቹም ስማቸውን ጀርባው ላይ አተሙ። ዝገቱ ከነሐሱ የወጣ ነው፣ ቀለም አይደለም። እውነተኛ ነው።»

«እስኪ ድገሚው በላት» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

ፊቱ ቢበላሽም ስልሳ ዶላር እገዛዋለሁ አለች። እኔ ኮሚሽኔን እያሰብኩ አንገቴን ስነቀንቅ፣ ሳንቲሙ ጋሽ ታደሰ ኪስ ገብቷል። ከዚያ የቬትናም ሾርባ በአሥራ ሰባት ዶላር ጋበዙኝ፤ እየበላን ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።

መልስ

ጋሽ ታደሰ ቤት ስንደርስ ሳጥኑ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ወጥቷል። እትዬ አልማዝ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እህስ?»

ጋሽ ታደሰ በአንድ ትንፋሽ ነገሯቸው።

«ከደወል ነው የተቀዳው?» አሉ እትዬ አልማዝ።

«የቡድሃ መነኮሳት ደወል ነው» አልኩ፣ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን።

«የማንም ይሁን። ደወል የነበረ ነገር ከመኪና ጎማ ጋር ይቀመጣል እንዴ? ምነው ታዴ፣ እስከዛሬ ዝም ትላለህ?»

ሳጥኑን ራሳቸው አንስተው ሳሎን አስገቡት።

ከጉዞው የተማርኩት፣ ዕቃ ለማሻሻጥ ስትሄድ ባለቤቱን ቤት መተው ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ሳንቲሞች ከምን እንደተቀዱ እትዬ አልማዝ አልጠየቁኝም። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ያልተጠየቅኩትን አልመልስም።