ሚንዳ ዓርብ ቀን የቆጠረችው

የእህቴ የሚንዳ ሥራ መቁጠር ነበር። ከባሕሩ ውሃ በጠርሙስ ቀድታ፣ ጠብታዋን ማይክሮስኮፕ ሥር ታደርግና ዓይን የማያያቸውን መርዘኛ ነፍሳት አንድ ሁለት እያለች ትቆጥር ነበር። ቁጥሩ ከበዛ ታሆንግ መብላት ክልክል ነው። ታሆንግ እኛ የሳማር ደሴት ሰዎች ከባሕር ለቅመን ከዛጎሉ ፈልቅቀን የምንበላው፣ ከእናት ጡት ቀጥሎ የምናውቀው ምግብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስትቆጥር የሥራ ውሏ የሚታደሰው በየስድስት ወሩ ነበር። ከእሷ በኋላ የገቡት ወንዶች ቋሚ ሆነው ሞተር ሳይክል ሲገዙ እሷ እዚያችው ወንበር ላይ ቀረች።

እኔ ታላቋ ፓሲንግ ነኝ። ገበያ ዳር የሩዝ ኬክ እሸጣለሁ። የሰባት ዓመት ልጄን ዲንዲንን በገዛ ድስቴ ገደልኳት እያልኩ አራት ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። ላለሳልሰው ብል አልችልበትም።

ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ታሆንግ ገዛሁና እናቴ እንዳስተማረችኝ በኮኮናት ወተት ቀቀልኩት። ኮኮናት መርዝ ይሽራል እንላለን፤ ሰው ሁሉ ይላል። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ «እማ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ» አለችኝ። ሐኪም ቤት በመውሰድ ፈንታ ሌላ የኮኮናት ወተት በስኳር በጥብጬ ሰጠኋት። «ጨርሺው!» ብዬ ተቆጣኋት ደግሞ። ሐኪም ቤት የሚያሻግረን ጀልባ እስክናገኝ መተንፈስ አቃታት። ወይ ነዶ! ክልከላው በራዲዮ የተነገረው ሰኞ ነው። ጎረቤቱ በፊቴ «ምስኪን፣ ምን ታውቃለች» ሲል፣ ከኋላዬ «ለሆዷ ብላ ልጇን ፈጀች» ይል ነበር። ሰምቼዋለሁ። እውነት ነው ብዬም ተቀብዬው ነበር።

ዘንድሮ የሚንዳ ቢሮ ሴት ልጆች ሳይንስ እንዲማሩ የሚበረታቱበት ቀን በትምህርት ቤቱ አዘጋጀ። አንዲት ሴት ባለሙያ ቀርባ ልምዷን ታካፍል ተባለ። ያለችው ሴት ሚንዳ ብቻ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሟን ያልጠራት ሁሉ በአንድ ቀን «የእኛዋ ሳይንቲስት» አላት። አለቃዋ ሰር ሮዴልዮ ንግግሩን ራሱ ጽፎ ሰጣት፤ ተመስገን፣ መናገር እንኳ አይከብዳትም!

ሐሙስ ቤቴ መጣች። ወረቀቱን በእጇ ይዛለች።

«ማናይ፣ ይህን ማንበብ አልችልም» አለች፤ ታላቅ እህት በእኛ ዘንድ ማናይ ናት።

«ፊደል ጠፋብሽ እንዴ? አምጪው እስቲ» ብዬ ነጠቅኳት። «ሳይንስ ሕልሜን አሳካልኝ» ይላል። ሳቄ መጣ። «ታዲያ ምን አለበት? ሕልምሽ ይሳካ አይሳካ ማን ያውቃል? አንብቢና ምሳቸውን ብይ።»

«ልጆቹ እኮ እውነት ይመስላቸዋል።»

«ይምሰላቸው! ውልሽ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እህቴ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ ትመጫለሽ?»

«ሁለት መቶ የራበው ልጅ ባለበት ኬክ ሻጭ ትቀራለች እንዴ?» አልኳት።

በማግስቱ ትሪዬን ይዤ የአዳራሹ በር ሥር ቆምኩ። ሚንዳ መድረክ ላይ ወጥታ የወረቀቱን የመጀመሪያ መስመር አነበበች፤ ከዚያ አጠፈችው።

«እኔ ያለኝ ልምድ አንድ ነው» አለች። «ከአራት ዓመት በፊት አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ቆጠርኩ። ቁጥሩ ከሚፈቀደው ስድስት እጥፍ ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ማስታወቂያ የሚወጣው አለቃ ሲፈርም ነው፤ ሰር ደግሞ ሌላ ከተማ ክርስትና ሊያነሡ ሄደዋል። ደወልኩላቸው። ‹ሴት ስትደነግጥ አንዱ ሁለት ሆኖ ይታያታል፤ ሰኞ አየዋለሁ› ብለው ሳቁ። ሳይፈረም ያወራ ይባረራል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ቅዳሜ አንዲት ልጅ በላች፤ ሞተች።»

ሰር ሮዴልዮ ከፊት ወንበር ተነሥቶ «ሚስ ሚንዳ ደክሟታል» እያለ ማይኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«እባክዎ ይቀመጡ፣ ሰር» አለችው። ሚንዳ! ዶሮ እሽ ብላ የማታውቀዋ ሚንዳ!

ከመሀል አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ተነሣች። «ልጅቷ ማን ነበረች?»

ሚንዳ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አየች።

«የእኔ ናት» አልኩ ከበሩ ሥር።

ሁለት መቶ ራስ ወደ እኔ ዞረ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ዓርብ ከምሳ በኋላ አውቃለች፤ እኔ የገዛሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ትሪዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሮጣ ደረሰችብኝ።

«ያን ዓርብ አመሻሽ ቤቴ መጥተሽ ነበር» አልኳት።

«አዎ።»

«ምን አልሽኝ?»

«‹ማናይ፣ ሰሞኑን ታሆንግ ባትገዢ› አልኩሽ።»

ትዝ አለኝ። «ቢሮ ገባሁ ብለሽ የእናትሽን ምግብ ናቅሽ?» ብዬ ስቄባት ነበር።

«ለምን አልጮኽሽብኝም? ድስቴን ለምን አልደፋሽውም?»

«ሥራዬን ፈራሁ።»

«ከዚያስ? አራት ዓመት ሙሉ ራሴን ስረግም እያየሽ?»

«ከዚያ በኋላ አንቺን ፈራሁ» አለችና መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አላነሣኋትም። ትቻት ሄድኩ።

ውሏ አልታደሰም። አሁን ወደቡ ላይ ዓሣ ትለያለች። ሰር ሮዴልዮ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ ማን ነክቶት! ታሆንግ ሻጮቹ ሳይቀሩ ገበያችንን ገደለች ብለው ይሰድቧታል። እኔም እስከዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም፤ አፌ እንቢ አለኝ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን አንዱ ሻጭ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ያቺ ወሬኛ እህትሽ ደህና ናት?» አለኝ።

«ወሬኛ ብትሆንማ ኖሮ» አልኩት፣ «ልጄ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመት ይሞላት ነበር።»