ወንድሜን ከአዋሽ በባቡር ያመጣሁበት መንገድ

ለማያውቁኝ ልናገር። ትምህርት ቤት የገባሁት በር ልበይድ እንጂ ልማር አይደለም። ማንበብ የለመድኩት ከስሚንቶ ከረጢትና ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ነው። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ በአዳማ ዙሪያ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ ከመሐንዲስ በፊት የምጠራው እኔ መኮንን ነኝ። ክርክርም ተረትቼ አላውቅም። ስለዚህ አዋሽ ሰባት የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ "ሆስፒታል አልሄድም" ብሎ ሲያስቸግር፣ ባለቤቱ አስካለ የደወለችው ለእኔ ነው።

የስኳር በሽታ እግሩን አቁስሎታል። የአዳማው ሐኪም "ሰሞኑን ካልመጣ ቁስሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ የምናጣው እሱን ራሱን ነው" ብሏል። አስካለና ሁለት ጎረቤቶች በሚኒባስ ሊያመጡት ሞክረው ነበር። እግሩን ማጠፍ ስለማይችል ገና ከከተማው ሳይወጡ እየጮኸ አስመለሳቸው። የቀረው ጋደም የሚባልበት ባቡር ነው። ጋሼ ታደሰ ግን ዕድሜውን በአሮጌው ሐዲድ ላይ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነው። አሮጌው ባቡር ቆሞ አዲሱ ሲመጣ "እግሬ አይረግጠውም" ብሎ ምሏል።

አዳማ

የአሁኑ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው። የባጃጁ ሾፌር የጠየቀኝ ሒሳብ በሚኒባስ ወለንጪቲን ያሳልፋል።

"አካም ጅርቱ አባባ! በሚኒባስ ቢሄዱ እኮ ባቡሩ ሳይነሳ አዋሽ ደርሰው ምሳ ይበላሉ።"

"ንዳ ልጄ! ሚኒባስ ሰው አጣጥፎ ነው የሚጭነው። እኔ የማመጣው የማይታጠፍ ሰው ነው።"

መታወቂያ አሳየሁ፤ ተፈተሽኩ፤ ተቀምጬ ጠበቅኩ። መስመሩ ላይ ከብት ገብቶ ባቡሩ ዘግይቷል ተባለ።

መንገድ

ሲነሳ ግን ደስ ይላል። የወለንጪቲ የጤፍ ማሳ አለፈ፤ ምድሩ እሾሃማ ሆነ። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪኖች ተከታትለው ሲያቃስቱ ከላይ ሆኜ አየሁ። መተሐራ ስንደርስ የፈንታሌ ተራራ በአንድ በኩል፣ የበሰቃ ሐይቅ በሌላ በኩል፣ ቀጥሎም የሸንኮራው አረንጓዴ መጣ። ያጣሁት መስኮቱን ነው። በድሮው ባቡር በየጣቢያው ፓፓያውም የተቀቀለ እንቁላሉም በመስኮት ይገባ ነበር። ይሄኛው መስኮቱ አይከፈትም። በሶዬን ብቻዬን ጠጣሁ።

አዋሽ

ጋሼ ታደሰን አልጋው ላይ እግሩን በትራስ ከፍ አድርጎ አገኘሁት። ሽታው ከበር ይቀበላል። ስለ ሐኪሙ ተናገርኩ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስለ ልጆቹ ተናገርኩ፤ ግድግዳውን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። አስካለ በነጠላዋ አፏን ይዛ ቆማለች። የምለው ሲጠፋኝ ስለ መንገዱ አወራሁ።

"ባቡሩ እንዳንተው ዘመን ነው ጋሼ። የሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ እንቅልፍ ያመጣል።"

ፊቱን መለሰ። "ምን አልክ?"

"ቀጭ ቀጭ ይላል አልኩ።"

"አንተ ቀባጣሪ! ያ ሐዲድ በብየዳ የተያያዘ ነው፤ መጋጠሚያ የለውም። ሲዘረጉት ቆሜ አይቻለሁ። ከየት አምጥቶ ነው ቀጭ የሚለው?"

"በጆሮዬ የሰማሁትን?"

"በጆሮህ? ፓምፕ ያደነቆረው ጆሮ!"

"አንተ ሳትሳፈርበት በምን አወቅክ?"

ደሙ ፈላ። "አስካለ! ሱሪዬን አምጪ። ይሄን ጉረኛ ሳላሳፍረው አልሞትም።"

አስካለ ሐሳቡን ሳይለውጥ ሱሪውን ሮጣ አመጣች።

መልስ

በማግስቱ ባቡሩ እንደገና ዘገየ። በዚያ ሐሩር እግሩ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ከአስካለ ጋር ጠበቅን። አንድም ጊዜ ልመለስ አላለም። ፉርጎው ውስጥ አስተኛሁት፤ ባቡሩ ሲነሳ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። በሰቃን እስክናልፍ አላነሳውም።

"ሰማህ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ምንም የለም። ነገርኩህ።"

እውነቱን ነው፤ ለካ ስመጣ የሰማሁት በሐሳቤ የድሮውን ባቡር ነው። "ረታኸኝ ጋሼ" አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ያለ እኛ ይሄዳል ለካ" አለ። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ደግሞ፣ "ጥሩ አድርገው ነው የበየዱት።"

ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። አስካለ እንዳለችው፣ ቁስሉ ከወጣበት ወዲህ እንዲያ ተኝቶ አያውቅም።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ለጤነኛ ሰው ሚኒባስ ይሻላል፤ ይፈጥናል፣ ከደጅም ያነሳል። እግሩን ማጠፍ ለማይችል ሰው ግን የሚዘገይም ቢሆን የሚያስተኛው ይሻላል።

በዚህ ጉዞ የሠራሁትን ልናገር።

ሦስት ሰው ያቃተውን ሰው ከአልጋው አስነሳሁ።
በሁለት ጣቢያ ጠብቄ አልተማረርኩም።
ወንድሜን ለሐኪሙ በጊዜው አደረስኩ፤ ከእግሩ ግማሹ ተቆርጦ ሄደ፣ ጉልበቱ ተረፈ።
ምርኩዙን በገዛ እጄ በየድኩለት፤ ብየዳውን ሲያይ ነቀፋ አጣበት።
ክርክር ተረታሁ፤ በመረታቴ የምኮራውን ያህል በሌላው አልኮራም።