አላገባሁም ያልኩ ቀን

ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራሁ፣ ኩታበር ባለን መሬት ላይ ቤት ልሠራ የመንግሥት ብድር ጠየቅሁ። የሚስትህን ፊርማ አምጣ አሉኝ። ባለቤቴ ዘሃራ ደግሞ ተኳርፈን ደሴ እናቷ ቤት ከገባች ወር አልፏታል። ሄዶ ይቅር በይኝ ማለቱ ሞት መሰለኝና የፋብሪካ ጓደኞቼን በተከራየሁበት ቀበሌ «ወላሂ ሚስት የለውም» አስብዬ ያላገባ የሚል ማስረጃ አወጣሁ።

የብድር ቢሮዋ ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ «እውነት አላገባህም?» አለችኝ።

«አላገባሁም» አልኳት። ምነው ያኔ አፌን በያዘው።

ፋይሌን ከፍታ የጋብቻ ወረቀታችንን አወጣች። የዘሃራ ፊርማ ያለበት ቅጽ አብሮት አለ።

«ወንድምህ ነግሯት ትናንት የጋብቻ ወረቀታችሁን ይዛ ከደሴ መጥታ ነበር። ‹ስለተኳረፍን አይጠራኝም፤ ቤቱ እንዳይቀርበት ልፈርምለት› ብላ ፈርማልህ ሄደች» አለችኝ።